የአባቴ የመድን ደብተር

የቤታችን የጤና መድን ደብተር አንድ ነው። እንደ ሌላው ቤት ሁሉ በአባወራው ስም የወጣ፣ ቀበሌው በየዓመቱ ማኅተም የሚመታበት፣ የቤተሰቡ ፎቶ ተራ በተራ የተለጠፈበት ትንሽ ደብተር ነው። አባቴ አንደኛ፣ እናቴ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ፣ ታናሽ እህቴ አራተኛ። እናቴ ከሞተች በኋላም ሲታደስ ፎቶዋን ማንም አልላጠውም። የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ጊዜ «ይነሳ እንጂ፣ አባ» ቢለው፣ አባቴ «ምን አደረገችህ?» አለውና ደብተሩን ተቀብሎ ወጣ።

ደብተሩ የሚቀመጠው በላስቲክ ተጠቅልሎ በአባቴ ካፖርት የውስጥ ኪስ ነው። መቱ ዝናብ አይጠፋም፤ ካፖርቱም ከአባቴ ትከሻ አይጠፋም። ስለዚህ በእኛ ቤት የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው ጤና ጣቢያ ሳይሆን አባቴ ፊት ነው። ምንሽን አመመሽ፣ መቼ ጀመረሽ፣ ምን በልተሽ ነበር ሳይል ደብተሩን አያወጣም።

ይህን ደብተር የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኑ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ሰዉ «ላልታመምኩት በሽታ ልክፈል?» እያለ ሲሸሽ፣ ከአስተባባሪዎቹ ጋር ቤት ለቤት የዞረው እሱ ነው። ኦሮምኛውን በወሎ ለዛ እየጎተተ ያስረዳ ነበር። «እድር የምትከፍለው ሞተህ ነው እንዴ? ይሄ ደግሞ የቁም እድር ነው። በቁምህ ስትታመም የሚደርስልህ፣ የማታፍርበት» ይላቸዋል። የማታፍርበት የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ ነበር የሚላት። በኋላ ላይ ያንን ቃል ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

የእኔ ሕመም በመቀስ ጀመረ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰሞን፣ ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ለክቼ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ መቀሱን አነሳሁና እጄ ቆመ። ልቤ ደረቴን ይደልቀው ጀመር። መዳፌ በላብ ራሰ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። መቀሱን አስቀመጥኩት፤ ወዲያው ተወኝ። ውሃ ጠጥቼ ደግሜ አነሳሁት፤ ደግሞ መጣ። በማግስቱም፣ በሣልስቱም እንደዚያው።

ምክንያቱን አላውቅም ብል ውሸት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ ሞተች። ሴቶቹ ሊያጥቧት ውሃ ሲያሞቁ፣ አባቴ አዲስ ነጭ ጨርቅ ገዝቶ መጣና ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ። ከፈን ነው፤ ሬሳ ተጠቅልሎ የሚቀበርበት። «አንቺ ቁረጪው። የልጇ እጅ ይቁረጠው» አለኝ። ለሴት አምስት ቁራጭ ነው። አምስቱንም በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው መቀስ ቆረጥኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ» አለኝ፤ እኔም ሞኟ በውስጤ ኮራሁ። ለእጄ የገባው ከዓመት በኋላ ነው።

ዩኒፎርም ሊያሰፉ ለመጡት ወላጆች «ማሽኑ ተበላሽቷል» እያልኩ መለስኩ። ይህን የሰማው የሱቅ ጎረቤቴ፣ ከጉራጌ አገር የመጣ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጧት ጠመንጃ መፍቻውንና የዘይት ጠርሙሱን ይዞ ከች አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ማሽኑን ከፈተው፣ ቀባው፣ አንድ ብጣሽ ጨርቅ አስገብቶ ሰፋበት። እንደ አዲስ ሮጠለት። ማሽኑን አየ፣ ያልተቆረጠውን ሰማያዊ ክምር አየ፣ እኔን አየ።

«ማሽንሽስ ደህና ነው» አለኝ።

ክምሩን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሄደና ከሰዓት በኋላ ቆርጦ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። በልብስ ሰፊ ዘንድ ይህ እንደ ቀላል አይታይም። መቁረጥ የባለሙያው ነው፤ መስፋትን ተማሪም ይሠራዋል። በገዛ ሱቄ ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቆረጠውን ሲያስረክበኝ ቆም አለና፣ «ባለቤቴ ሁለተኛውን ልጅ ከወለደች በኋላ ልጁን ማጠብ ፈርታ ነበር» አለኝ። «ውሃው ይወስድብኛል ትል ነበር። ሆስፒታሉ ግቢ ጥጉ ላይ ወዳለችው ክፍል ወሰድኳት። እያወራች ነው የዳነችው።»

«እያወራች?»

«እያወራች። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር።»

ክፍሏን አውቃታለሁ። መቱ ውስጥ የማያውቃት የለም። ደጇ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ወደ መድኃኒት ቤቱ በሚያልፍ ሁሉ ይታያል።

«እኔ እብድ ነኝ ጋሼ?» አልኩት፣ ድምፄ ጨምሮ።

«እኔ ሚስቴን እብድ አላልኩም» አለና ወጣ። ሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም። እሱ ግን በሁለቱም ቀን ጨርቄን ቆርጦልኛል።

ከንዴቴ ስበርድ መሄድ እንዳለብኝ ገባኝ። ችግሩ መንገዱ ነው። በመድን ለመታከም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ እዚያ ተመርምሮ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማጻፍ ያስፈልጋል። በሽታው በሪፈሩ ላይ ይጻፋል፣ በካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ለመድኑ በሚሞላው ወረቀት ላይም ይጻፋል፤ ሁሉም በአባቴ ስምና በአባቴ ደብተር ቁጥር። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ የምትሠራው ሴት ደግሞ በዚያው ሰሞን እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው የቡሬ ልጅ አክስት ነበረች። ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ወሬ እሷ ዘንድ አያድርም።

እዚህ አገር ሰው ሲጋባ ዘር ይጠየቃል፤ በወገኑ ክፉ በሽታ አለ ወይ፣ አእምሮው የተነካ አለ ወይ ይባላል። ስለ እኛ የሚጠየቅ ዘመድ እንኳ የለንም። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ዘር ማንዘራቸው እዚያው ቀርቷል። ዳሪሙ በኩል ጫካ መንጥረው ነው ኑሮ የጀመሩት፤ መቱ የገባነው እኔ ካደግሁ በኋላ ነው። ስለ እኛ መመስከር የሚችል ሰው ስለሌለ የሚታየው እኛው ነን፤ አባቴ፣ እኔና ደጃፋችን። ሽማግሌዎቹ መልስ ለመስማት ሊመለሱ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

ደብተሩን ልጠይቅ አባቴ ፊት ቀረብኩ። ምንሽን ነው ሲለኝ፣ «ጨጓራዬን» አልኩት።

«የእኔው ቢጤ» አለ፣ ደስ ያለው መሰለ። አባቴ እስከማውቀው ድረስ ጨጓራ በሽተኛ ነው። ሌሊት ተነስቶ ይቀመጣል፣ «ያቃጥለኛል» ይላል፣ ጧት ተልባ ይጠጣል። «በርበሬ ቀንሺ» ብሎ ደብተሩን ከላስቲኩ አውጥቶ ሰጠኝ።

ጤና ጣቢያ ለሚመረምረኝ ጤና መኮንን ግን እውነቱን ልነግረው ወስኜ ነበር። የዳሪሙ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ። በሩን ዘግቶ «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። «እጄን...» ብዬ ጀመርኩ። «መቀስ ሳነሳ...» እዚህ ላይ በሩ ተከፈተና የቡሬው ልጅ አክስት የካርድ ክምር ታቅፋ ገባች። አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ «አከም ጂርታ? ምነው፣ ምን ሆንሽብን?» አለችኝ ከልቧ።

«ጨጓራዬን ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ካርዶቹን አስቀምጣ እስክትወጣ ጤና መኮንኑ ስለ ጨጓራዬ ይጠይቀኝ ጀመረ፤ እኔም እመልስ ጀመርኩ። ያቃጥልዎታል? ያቃጥለኛል። ሌሊት ይብሳል? ይብሳል። ሴትየዋ ወጥታም ወደ እጄ አልተመለስኩም። ሪፈር ጻፈልኝ፤ ለጨጓራ። ወረቀት ደግሞ የተጻፈበትን ነው የሚታዘዘው። ሆስፒታል ስደርስ ከሆድ ሕመምተኞች ጋር ተሰለፍኩ፤ ደም ሰጠሁ፣ ሰገራ ሰጠሁ፣ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ተሰጠኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ ተባልኩ። ተመለስኩ። ሌላ እንክብል ተሰጠኝ። መድኑ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሁሉንም ሸፈነ። ከመቱ እስከ ጎሬ እንደ እኔ የታከመ ጤነኛ ጨጓራ የነበረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ደስ አለው። ደብተሩ ሲሠራ ማየት ይወዳል። እራት ላይ እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን በርበሬ የሌለው አልጫ እንበላለን፤ እንክብሌንም አካፍለው ጀመር። እህቴ «ይሄ ቤት ነው ሆስፒታል?» እያለች ታሾፍብናለች። እኔ ደግሞ አንድም ጨርቅ ሳልቆርጥ መስከረም አለቀ፣ ጥቅምትም ተጋመሰ።

በመካከሉ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የአባቴን እሺታ ይዘው ሄዱ። ከዚያ እህቴ ነጭ ጨርቅ ይዛ ሱቅ መጣች።

«ለኒካሑ ነው» አለች። «የትም አላሰፋም፤ አንቺ ነሽ የምትቆርጪልኝ።»

ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ነጭ፣ ሰፊ፣ እጥፋቱ ያልተነካ። እንደዚያ ጊዜው። «አስቀምጪው» አልኳት። ሳምንት አለፈ፤ «ጀመርሽው?» አለችኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሌላ ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሱቅ ገብታ ጨርቁ እንደታጠፈ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«እንድሄድ አትፈልጊም» አለችኝ። «ከአባዬ ጋር ብቻሽን እንዳትቀሪ ፈርተሽ ነው። ንገሪኝ እንጂ፣ እትዬ፤ ለምን ጨርቅ ትደብቂብኛለሽ?»

ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ በጀርባዬ አዝያታለሁ። እንዲህ ብላ ከምታስብ ሁሉን ነገርኳት። የእናታችንን ከፈን፣ እጄን፣ የጋሼን መቀስ፣ የውሸት ጨጓራዬን፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ክፍል። ቆማ ሰማችኝ። አለቀሰች፣ አቀፈችኝ። ከዚያ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ወለሉን እያየች፣ «ከኒካሑ በኋላ ብትሄጂስ?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። ያኔ ግን ፈርጄባት ነበር። «እሺ» አልኳት፤ እሺ ያልኩበት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም።

ግን አልቻልኩም። ሌላ መንገድ አሰብኩ። ያለ ሪፈር፣ ያለ ደብተር፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ ከኪስ ከፍሎ መታከም ይቻላል። ካርድ ክፍሏ ያለችው አክስትም አታይም። በሄድኩበት ቀን ሰማዩ ወርዶ ነበር፤ አባቴ በር ላይ ያዘኝና ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ። «ብርድ ለጨጓራ አይሆንም» አለ። «ደብተሩ ውስጡ ነው።»

ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። ባለሙያዋ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። ምን እንዳመጣኝ ጠየቀችኝ። «መቀስ» አልኳት። አልሳቀችም። እኔም ለእህቴ እንኳ ያልነገርኳትን ነገርኳት።

የእናቴን ከፈን ስቆርጥ አላለቀስኩም ብያለሁ። ያላለቀስኩት ስለጠነከርኩ አይደለም። ጨርቁን ሳይ ዓይኔ የልብስ ሰፊ ዓይን ሆኖ ነው። እንዴት ባዞረው ነው ብዙ የሚተርፈኝ እያልኩ ነበር። አዞርኩት፤ ተረፈኝም። የተረፈውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ለገበር ይሆናል ብዬ። እናቴ በወዲያኛው ክፍል ተኝታ፣ እኔ ለገበር ይሆናል አልኩ። ጨርቁ እስከ ዛሬ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ።

ባለሙያዋ፣ «እጅዎ የለመደውን ሥራ ነው የሠራው» አለችኝ። «በየሳምንቱ ቢመጡ ጥሩ ነው። መድን አለዎት?»

ደብተሩ በካፖርቱ ውስጥ ደረቴ ላይ ነበር። የእናቴም ፎቶ።

«የለኝም» አልኳት። ቤት ለቤት እየዞረ አገሩን መድን ያስገባው ሰውዬ ልጅ ነኝ።

የከፈልኩበትን ደረሰኝ ከዝናቡ ለማዳን የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ከደብተሩ ጋር። ቤት ገብቼ ካፖርቱን ሰቀልኩ። ረሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይረሳል የሚለኝ ካለ፣ እኔም እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ከዐሱር በፊት አባቴ ደረሰኙን ይዞ ሳሎን ገባ። አማርኛ ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ተምሯል፤ ወረቀቱ ግን በኦሮምኛ ነው፣ በቁቤ ፊደል። ሲሰማው እንደ ውሃ የሚገባው ቋንቋ ሲጻፍ ለእሱ ዝግ ነው። እህቴ ደግሞ የተማረችው በቁቤ ነው።

«ገንዘብ ከፍላለች እኮ» አላት፣ እኔን በጣቱ እያመለከተ። «ደብተሩ ኪሷ እያለ! አንብቢልኝ፣ ለምኑ ነው የከፈለችው?»

እህቴ ወረቀቱን ተቀበለች። አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ይለምነኛል።

«ጨጓራ ነው የሚለው» አለችው።

«ጨጓራማ በመድን ነው! አላስተናግድም ያላት ማነው? አሁኑኑ ሄጄ አነጋግረዋለሁ» ብሎ ካፖርቱን ማጥለቅ ጀመረ። ያደርገዋል። ማንም ቢሮ ከመግባት የሚመልሰው የለም። አንዱን እጅጌ አስገብቶ ሌላውን ሲፈልግ አየሁት፤ አርጅቷል፤ እጅጌውን አጣው። ለእኔ ሊሟገትልኝ ነው በዚህ ዝናብ የሚወጣው።

«አባዬ፣ እሷ ዋሽታህ ነው» አልኩት። «ፈያ ሰሙ ነው የሚለው።»

የአእምሮ ጤና ማለት ነው፤ ቃሉ መተርጎም አላስፈለገውም። እጅጌው ግማሽ ላይ ቆመ። እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አዛኑ ሲሰማ አባቴ ካፖርቱን አወለቀ፣ ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ። ከሰገደ በኋላም ምንጣፉ ላይ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከእማዬ ከፈን ጀምሮ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ቁረጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። ያን ማታ እራት አልበላም።

ጧት ተነስቶ ጥምጣሙን አሰረ፤ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ሰርግ ሲሄድ ብቻ የሚያስረውን። «ነይ» አለኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ተራችንን ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ የልጁ አክስት አንገቷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ፣ «አከም ቡልተን፣ አባ?» አለችው በአክብሮት።

«ነጋ» ብሎ ሰላምታዋን መለሰና ደብተሩን ከላስቲኩ አውጥቶ አስቀመጠላት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ከፍም አላደረገም። «ልጄ ሪፈር ልታጽፍ ነው። ለአእምሮ ሕክምና።»

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ያዘች፣ አልጻፈችም። ከኋላችን የቆሙት ጠጋ ጠጋ አሉ። አባቴ ደብተሩን በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ለእኔም» አላት። «ሁለታችን ነን።»

ስለ ሰርጉ ላስቀድምና ልገላገለው። ወሬው ቡሬ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የልጁ አጎት መጣ፤ ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ የሰማነው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ እውነት ነው አለው። አጎትየው ሻዩን ጨርሶ፣ ተመካክረን እናሳውቃለን ብሎ ሄደ። እህቴ ለሳምንት አላናገረችኝም። በመጨረሻ ኒካሑ ከቡና ለቀማ በኋላ እንዲሆን ላኩ። ምክንያቱ ቡናው ነው አሉ፤ ቡናውም ሊሆን ይችላል። ተጋቡ። ቀሚሷን የቆረጠላት ጋሼ ነው፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያቺ ቀሚስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ለሆስፒታሉ የተቀጠርንበት ቀን ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። እኔና አባቴ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰው ያልፋል፤ አንዳንዱ ያያል፣ አንዳንዱ እንዳላየ ይሆናል። አባቴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የእናቴን ፎቶ እያየ ነበር።

«ጨጓራዬ አይደለም» አለኝ ድንገት።

ወደ እሱ ዞርኩ።

ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች እንደነበሩና በሰፈራው እንደሞቱ አውቃለሁ። እናቴ ስማቸውን ትጠራ ነበር። እንዴት እንደተቀበሩ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። «በአንድ ሳምንት ወባ ወሰዳቸው» አለኝ አባቴ። «ጨርቅ አልነበረም። ትልቁን በእናትሽ ነጠላ ጠቀለልኩት። ለትንሹ ምንም አልነበረኝም፤ የእርዳታ እህል የመጣበት ጆንያ ነበር፣ እሱን ተርትሬ ጠቀለልኩት። ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ሻካራ ነበር። ለእናትሽ አዲስ ጨርቅ የገዛሁት፣ በልጇ እጅ ይቆረጥ ያልኩት፣ ቢያንስ እሷ በወጉ ትሂድ ብዬ ነው። አንቺን እንደሚጎዳሽ አላሰብኩም።»

እንባዬ መጣ፤ አላቆምኩትም። ከእንባዬ ጋር ግን ያ የልብስ ሰፊ ዓይኔ ደግሞ መጣ፤ አልታዘዘኝም። መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁት፣ ለካሁት፣ አዞርኩት። ለሁለት ሕፃናት ይበቃ ነበር።

በሩ ተከፈተና ባለሙያዋ ብቅ አለች። ሁለታችንን አየች፣ ደብተሩንም አየች፤ የለኝም ያልኳትን አላስታወሰችኝም። «ማን ይቅደም?» አለች።

«አባዬ፣ አንተ ቅደም» አልኩት።

ጥምጣሙን አስተካክሎ ተነሳ። ባለሙያዋ ወንበሩን እየሳበችለት «ታኣ፣ አባ፣ ታኣ» ስትለው ሰማሁ፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። በሩ ተዘጋ። ብቻዬን አግዳሚው ላይ ቀረሁ። አንዲት ደንበኛዬ፣ የሦስት ልጆቿን ዩኒፎርም ሁልጊዜ እኔ ዘንድ የምታሰፋ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ስትወጣ አየችኝና ቆመች።

«ውይ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ፣ ከበሩ በላይ የተጻፈውን ቀና ብላ እያየች።

ጨጓራዬን የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አባቴን እየጠበቅሁ ነው» አልኳት። «ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው።»